ግማሽ ሲኒ አጥሚት

በእኛ ቤት «በቃኝ» ሦስት ጊዜ ካልተባለ እንደተባለ አይቆጠርም። የመጀመሪያው በይሉኝታ የወጣ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሁለተኛው ሲሰማ አንድ ጭልፋ ወጥ ይጨመራል። በሦስተኛው ላይ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ይመጣል፤ ጥጋብ የሚባለውም ከዚህ በኋላ የሚበላው ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁት በዚህ ሥርዓት ነው። ዛሬም ቢሆን ከዚህ የሚበልጥ የፍቅር አነጋገር አላውቅም። ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ ውስጥ በተደረገልኝ ቀዶ ሕክምና ከጨጓራዬ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ወጣ። ከዚያ ወዲህ የእኔ «በቃኝ» አንድ ጊዜ ብቻ የሚባል ሆነ። ከተባለ በኋላ የምትጨመር አንዲት ማንኪያ ደረቴ ሥር ተቀርቅራ በላብ ታጠምቀኛለች።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቀዶ ሕክምናው ነው። እርሱን ተኝቼ አሳለፍሁት። ልጽፍ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ስለመጣው፣ ተመልሶ ስለ መብላት ነው።

ወደዚያ ያደረሰኝን ባጭሩ ልናገር። በአርባ አንድ ዓመቴ 118 ኪሎ እመዝን ነበር፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ክብደቱ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ሲካፈል 45 ይመጣል። ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ይህን ቀዶ ሕክምና የሚያስቡት ቁጥሩ 40 ሲደርስ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ በሽታ ሲጨመርበት ነበር። እኔ ሁለቱም ነበሩብኝ። የስኳር ኪኒን ስወስድ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። አባቴን የወሰደው ስኳር ነው፤ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ እርሱን። በጾምም በእግር ጉዞም አሥራ አምስት ኪሎ ቀንሼ ሃያ መልሼ አውቃለሁ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፌ ካልሆነ በቀር አርባ ደቂቃ ቆሜ ማስተማር እንዳቃተኝ ሳውቅ ወሰንሁ።

የተደረገልኝ ጨጓራን የማጥበብ ቀዶ ሕክምና ነው። ሆዴ ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ገብተው የጨጓራዬን ሰፊ ጎን በቁመቱ ቆርጠው አወጡት። የቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ነው። አንጀቴ አልተነካም፤ ጨጓራን ከአንጀት ጋር በአዲስ መንገድ የሚያገናኘው ሌላው ዓይነት ነው። ሐኪሜ ካስረዱኝ ሁሉ አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል ግሬሊን የሚባለው፣ ረኀብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ነው። ስለዚህ ከሥጋው ጋር ረኀቡም አብሮ ይሄዳል፤ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት። ያን ጊዜ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ረኀብን እንደ ጠላት ነበር የማየው።

ከሆስፒታል ስወጣ አንድ ወረቀት ተሰጠኝ። ለጥቂት ቀናት ውኃና የተጠለለ ሾርባ፤ እስከ ሁለት ሳምንት ፈሳሽ፤ ከሦስተኛው ሳምንት የተፈጨና የላመ፤ ከአምስተኛው ለስላሳ ምግብ፤ ከስምንተኛው ወዲያ ቀስ እያሉ እንደ ሰው መብላት። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን። አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ በጉንጭ በጉንጭ፤ ከምግብ ጋር ግን ፈጽሞ አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። የጎረሱትን ሃያም ሠላሳም ጊዜ ማላመጥ። ቫይታሚን ዕድሜ ልክ። ወረቀቱ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ አንድም ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ለብቻው ሳህን ይዞ ለሚበላ ሰው የተጻፈ ነው። እንጀራ፣ ጾም፣ ጉርሻ የሚሉ ቃላት የትም ቦታ የሉበትም።

ሦስት ሳምንት እኅቴ ቤት አዲስ አበባ ቆይቼ፣ ሐኪሜ ሲፈቅዱልኝ ወደ እናቴ ለመሄድ በወንድሜ መኪና ተነሣን። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ወንድሜ ቁርሱን ሲበላ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ከውኃዬ ሁለት ጊዜ ፉት አልሁ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ወላፈን ፊታችንን መታን፤ ምላሴ ከትናጋዬ ተጣበቀ። ድሮ ቢሆን ግማሽ ሊትር ውኃ ሳልተነፍስ እጨልጥ ነበር። አሁን ግን ከጉንጭ በላይ ከጠጣሁ ውኃው ራሱ ደረቴን ይወጥረዋል። ድልድዩን ተሻግረን ደጀን እስክንወጣ ድረስ በየሁለት ደቂቃው አንድ ጉንጭ እየቆጠርሁ ጠጣሁ። ውኃ በእጄ ይዤ መጠማትን ያወቅሁት በዚያ ገደል ውስጥ ነው።

እናቴ ቤቱን ያሰናዳችው ለአራስ እንደሚሰናዳ አድርጋ ነበር። መኝታዬ ብርድ ከማይገባበት ጥግ ተዘጋጅቷል፤ መጋረጃ ተጋርዷል፤ ጎረቤት እንዳይገባ ተነግሯል። ነገሩን በስልክ የነገርኋት ቀን «ደኅና ጨጓራ እንዴት ይቆረጣል?» ብላ ምርር ብላ አልቅሳ ነበር። ስደርስ ግን ልቅሶዋን ጨርሳ ሥራ ላይ ነበረች። እናቴ የጮቄ ደጋ ልጅ ናት። እዚያ እንግዶ የሚሉትን አጃ ከእኅቷ ዘንድ አስመጥታ፣ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ ሁለት ጊዜ ነፍታ አጥሚት አፍልታ ጠበቀችኝ። ሲኒውን ስታቀርብልኝ ሽታው ነገረኝ።

«ማር አለበት?» አልኋት።

«ትንሽ ጣል አድርጌበታለሁ፤ ለጉሮሮሽ።»

«እማዬ፣ ጣፋጭ ነገር አሁን አንጀቴ ውስጥ ቶሎ ይወርዳል። ያልበኛል፣ ልቤን ይመታኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል ብለውኛል። ቅቤውም ገና ይከብደኛል።»

ሲኒውን በእጇ እንደያዘች ቆመች። «ማርና ቅቤ የሌለበት አጥሚት» አለች ቀስ ብላ፣ «ዘመድ ለሌላት አራስ ነው የሚሰጠው።»

ይህን ስትል የተሰማኝን ለማስረዳት ያስቸግረኛል። ጎጃም ውስጥ ለአራስ፣ ለታመመ፣ ከሩቅ ለመጣ ሰው ቅቤና ማር መንሣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እናቴ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ያለ ማርና ያለ ቅቤ አዲስ አፍልታ፣ በግማሽ ሲኒ ቀድታ መጣች፤ በዱካዋ ላይ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ያችን ግማሽ ሲኒ ለመጨረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። አንድም ጊዜ «ቶሎ በይ» አላለችኝም።

«በቃሽ?»

«በቃኝ።»

ሲኒውን ተቀበለችኝ። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነበር።

በኋላ እንደገባኝ፣ እናቴ ወረቀቱን ያነበበችው በራሷ ቋንቋ ነው። አራስ በመጀመሪያዋ ቀን ጥሬ ሥጋ አይሰጣትም፤ ከአጥሚት ተነሥታ ወደ ገንፎ፣ ከገንፎ ወደ እንጀራ ነው የምትሄደው። ከረጅም ሕመም የተነሣም እንዲሁ። ሐኪሙ በሳምንት ከፋፍለው የጻፉትን እርሷ አምስት ጊዜ ወልዳ ስለምታውቀው ልክ እንደ ቀድሞ ሥራዋ ያዘችው። የቡናው ሲኒ የቤቱ መለኪያ ሆነ። «ዛሬ ሲኒ ሙሉ ገባ» ትል ነበር ለእኅቴ በስልክ፣ ልክ ሕፃን ጡት መያዙን እንደምትናገር።

ችግሩ ጾሙ ነበር። ቤታችን ስደርስ ጾመ ነቢያት ከገባ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታል። ወረቀቱ ደግሞ ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል ይላል። በሲኒ ለሚበላ ሰው 60 ግራም ፕሮቲን ተራራ ነው። አንድ እንቁላል የሚሰጠው ስድስት ግራም ያህል ብቻ ነው። ሽሮውም ምስሩም ፕሮቲን አላቸው፤ ነገር ግን የሚያስፈልገውን ያህል ከእነርሱ ለማግኘት የሚበላው ብዛት ለእኔ ጨጓራ አይሆንም። ፕሮቲን ካነሰ ሰውነት ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻንም ያቃጥላል። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለች፤ በማግስቱ የንስሐ አባታችንን ጠራች።

አባ ወረቀቱን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ከላይ እስከ ታች አነበብሁላቸው። የቁጥሩን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አትይዝም» አሉኝ። «ወተቱንም እንቁላሉንም እንደ መድኃኒት ውሰጂው። በጸሎቱ ግን ከእኛ አትለዪ።» በየቀኑ የማነብበው ዳዊት ሰጡኝ። እናቴ አንዲት ትንሽ መጥበሻ ገዛች፤ ከጾም ዕቃው ጋር እንዳትነካካ ለብቻዋ በበረንዳው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት። በጾም ወራት እንቁላል በእጇ ነክታ የማታውቅ ሴት በየማለዳው እጇን ታጥባ፣ አማትባ፣ እንቁላሌን ሰበረች። በሁዳዴውም ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እንዲሁ አደረገች። ከእኔ ይልቅ እርሷን የከበዳት ይመስለኛል፤ አንድ ቀን እንኳን ግን አላሳየችኝም።

ስለ ረኀብም ልናገር። እናቴ በየጧቱ «ራበሽ?» ትለኝ ነበር፤ የምመልሰው ጠፋኝ። አልራበኝም። ቁሌቱ ሲንተከተክ፣ ቡና ሲቆላ፣ የምጣዱ አክንባሎ ተነሥቶ የትኩስ እንጀራ እንፋሎት ቤቱን ሲሞላው ውስጤ ምንም አይነቃነቅም። የምበላው ስልኬ ሲጮኽ ነው። ጠላቴ ያልሁት ነገር ከሄደ በኋላ ለካ ቀኔን የሚከፋፍልልኝ እርሱ ኖሯል። ጧቱን ከምሳ፣ ምሳውን ከማታ የሚለየው ነገር ጠፋ። እናቴ «ሳይርብ የሚበላ ምን ይጥማል?» አለችኝ አንድ ቀን፣ በእውነት አዝና። ያንን ጥያቄ ብዙ ሌሊት አሰብሁበት። ምክንያቱም ድሮም ቢሆን ሳይርበኝ ነበር የምበላው። አባቴ በሞተ ጊዜ፣ ፈተና ሳርም እኩለ ሌሊት ሲያልፍ፣ ሰው ባስቀየመኝ ቀን፣ ከሐዘኔ ጋር አብራኝ የምትቀመጠው እንጀራ ነበረች። አሁን ሐዘኑ ሲመጣ የምሰጠው ነገር የለኝም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ለሌላ ሰው ግን እኔ እነግራለሁ። በዚያ ጊዜ የሚያናግሩት ሰው ያስፈልጋል።

የገና ዕለት፣ ስምንተኛው ሳምንቴ ላይ፣ ቤቱ በዘመድ ሞላ። ከዶሮው እግር የላላውን ሥጋ በጣቴ ፈትዬ፣ ከእንቁላሉም ግማሹን በትዕግሥት በልቼ ደስ ብሎኝ ተቀምጫለሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው አያውቁም። ከእናቴ፣ ከወንድም እኅቶቼና ከአባ በቀር ለማንም አልነገርሁም ነበር። እጃቸውን ዘርግተው፣ ትኩስ እንጀራ በወጥ አጠቅሰው፣ እንደ ጎጃም ወግ የተሟላ ጉርሻ ጠቀለሉልኝ። «አይሆንም» ማለት አቃተኝ። አጎረሱኝ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ።

ትኩስ እንጀራ ለስላሳ ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በደንብ ቢላመጥ እንኳን ተመልሶ ይጣበቅና እንደ ሊጥ ድብልብል ይሆናል፤ ጠባቡ ቱቦ አፍ ላይ ሲደርስ እንደ ውታፍ ይደፍነዋል። ደረቴ መሐል ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ። ምራቄ እየተግተለተለ አፌን ሞላው። ወደ ጓሮ ወጥቼ አረፋ አረፋውን ብዙ ከተፋሁ በኋላ እንጀራው እንዳለ ተመለሰ። ቀና ስል ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል። «ምን አበላኋት?» ይላሉ እናቴን፤ «ምን አበላኋት?» ነገሩ ተነገራቸው። ተመልሰው ከመሶቡ አጠገብ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ግን ወደ መሶቡ አልመለሱም።

ከዚያ በኋላ ፈራሁ። ሁለት ቀን ፈሳሽ ብቻ ጠጣሁ፤ እርሱም አልፎ አልፎ ይመለስብኝ ጀመር። በስልክ የምትከታተለኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ ድምፅዋን ጠንከር አድርጋ ያስጠነቀቀችኝን እዚህ ልጻፈው፤ ለሌላም ይጠቅማልና። ማስመለሱ ከሁለት ሦስት ቀን ካለፈ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ አይገባም። ሰውነት ውስጥ የሚከማቸው ቫይታሚን ቢ 1 ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ነው። እርሱ ካለቀ አእምሮንና ነርቭን ይጎዳል፤ ጉዳቱም ላይመለስ ይችላል። ደግነቱ በሦስተኛው ቀን ማስመለሱ ቆመልኝ።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ጋሼ በነጠላቸው ጫፍ አንድ ነገር ቋጥረው መጡ። ፈትተው ሲያሳዩኝ ድርቆሽ ነው፤ በፀሐይ የደረቀ የጤፍ እንጀራ። ጋሼ በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ የለመኑትን እንጀራ አድርቀው ኮቸሮ እየበሉ ነው ያደጉት። «ብዙ ቀን ሳንበላ ቆይተን ተዝካር ላይ ትኩስ እንጀራ የበላን ቀን ሆዳችን ተነፍቶ ሌሊቱን ሙሉ እንጮኽ ነበር» አሉኝ። «የኔታ ግን ኮቸሮውን በውኃ አርሰን፣ በጥቂት በጥቂቱ እንድንበላ ያደርጉን ነበር። እርጥቡ እንጀራ ሆድ ላይ ይተኛል፤ የደረቀው ይፈራርሳል፣ ልጄ። ይህን እያወቅሁ ነው እንዲያ ያደረግሁሽ።»

«አላወቁም እኮ፣ ጋሼ።»

«ባውቅ ኖሮ» አሉ፤ አልጨረሱትም።

ለሥነ ምግብ ባለሙያዋ ስነግራት ልክ ነው አለችኝ። በዚህ ቀዶ ሕክምና ያለፉ ሰዎች ትኩስና ለስላሳ ዳቦ ሲያንቃቸው፣ የተጠበሰውና የደረቀው በቀላሉ ያልፍላቸዋል። እኔ ይህን በቆሎ ተማሪ ኮቸሮ በኩል ሰማሁት። በየቤቱ እንዲህ ያለ ዕውቀት ተቀምጦ ሳለ ለታካሚ በሚሰጠው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ቦታ ማጣቱ ያስቆጨኛል። «እንጀራ ለመጀመር ድርቆሽን አድቅቆ፣ በቀጭን ሽሮ አርሶ» የሚል አንድ መስመር ብቻ።

ከሳምንት በኋላ ሞከርሁት። እናቴ እንጀራውን ዳግመኛ በፀሐይ አደረቀችው፤ በመዳፏ አሽታ እንደ ቅንጬ አደቀቀችው፤ በቀጭን ሽሮ አራሰችው። አምስት የሻይ ማንኪያ ቀረበልኝ። የመጀመሪያዋን አፌ ውስጥ ሳደርግ የጤፉ እርሾ፣ ያ ቀጭን ኮምጣጣ ጣዕም፣ ምላሴን ነካው። ከገናዋ ጉርሻ በቀር ከሁለት ወር በላይ ያልቀመስሁት ነው። ሃያ አምስት ጊዜ አላመጥሁ። ወረደ። ቆም ብዬ ጠበቅሁ፤ ድንጋዩ አልመጣም። ሁለተኛዋን ወሰድሁ። በአራተኛዋ ላይ አፍንጫዬ ውኃ አዘለ፤ የጥጋብ ምልክቴ አሁን ይህ ነው። ማንኪያውን አስቀመጥሁ። በሕይወቴ ብዙ እንጀራ በልቻለሁ፤ እንደዚያች አራት ማንኪያ የጣመኝ ግን የለም። ራበኝ ልል አልችልም። አማረኝ ማለት ግን እችላለሁ፤ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውንም ያን ቀን አወቅሁ።

በአራተኛው ወር ፀጉሬ በእፍኝ መርገፍ ጀመረ። ሰውነት በፍጥነት ሲቀንስ የሚመጣ፣ ከወራት በኋላም የሚመለስ ነገር ነው፤ ተመልሶልኛልም። የከበደኝ የሰው ዓይን ነበር። በእኛ አገር መወፈር ድሎት ነው፤ መክሳት ግን ወይ በሽታ ወይ ችግር ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ «ምነው ከሳሽ? ምን አገኘሽ?» ብለው አቅፈውኝ የሚያለቅሱ እናቶች ነበሩ። መጀመሪያ እሸሽ ነበር። በኋላ ቆሜ እነግራቸው ጀመር፤ ስኳሬ መውረዱን፣ ኪኒኑን ሐኪሜ ማስቆማቸውን። እነርሱም ተራ በተራ የራሳቸውን ስኳር ነገሩኝ።

የ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8 ዋለ። ሚዛኑ 91 ኪሎ ይል ነበር። ሌሊቱን ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አድረን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጧፋችንን ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። ዶሮው ወጥ ተሠርቶ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ማንም አልነካውም። እናቴ መጀመሪያ ተልባ ቀዳች። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሆድ በአንድ ጊዜ በቅባት እንዳይመታ፣ አንጀት እንዲለሰልስ፣ አስቀድሞ ተልባ ይጠጣል፤ በቤታችን እኔ ሳልወለድም እንዲሁ ነበር። ለሁሉም በብርጭቆ፣ ለእኔ በሲኒ ቀዳችልኝ። ወንድሜ ብርጭቆውን ሊጨልጥ ሲል «ቀስ በል፣ ሆድህ ባዶ ነው» አለችው። በዚያ ሰዓት ቤቱን ዙሪያውን አየሁት። ጋሼም፣ ወንድሜም፣ የእኅቴም ልጆች፣ ሁሉም በዝምታ ፉት እያሉ፣ ትንሽ ቆም እያሉ፣ እንደገና ፉት እያሉ ነበር።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። ማንም ሳይነግራቸው ጋሼም አብረውኝ ጠበቁ። ከዚያ ከዶሮው እግር ቀጭን ክር ፈትለው፣ በሽሮ ሳይሆን በወጡ መረቅ ከራሰ ድርቆሽ ጋር ባቄላ የምታህል ጉርሻ አደረጉ።

«በይ እንኪ፣ ልጄ። አፈር ስሆን።»

አፌን ከፈትሁ። ማላመጥ ጀመርሁ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ከመጀመሪያዋ የምታንስ ሁለተኛ አዘጋጁ። ነገር ግን አላቀረቧትም። በሦስት ጣታቸው ይዘዋት፣ እጃቸውን ከመሶቡ በላይ እንደዘረጉ፣ እኔ እስክውጥ ድረስ ጠበቁ።